ለጅቡቲ የተላከው ፎቶ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለው የአየነው ፎቶ ቤት ፈጣሪ እንደሠራው ሆኖ የወጣ ሰው አይታወቅም። ሁለት አገጭ ይዛ የገባች ሙሽራ አንዱን ጥላ ትወጣለች። የሚዜው ቦርጭ ይሟሽሻል፣ የጠይሟ ፊት ይቀላል፣ የሽማግሌው መላጣ ሳይቀር ፀጉር ያበቅላል። ይህን ሁሉ ጉድ የሚሠራው ግን አየነው አይደለም። እሱ ካሜራውን ቀጭ ካደረገ በኋላ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ያንቀላፋል። ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ ወገብ የሚቆርጠው፣ ክንድ የሚያቀጥነው፣ ጉንጭ የሚሸርፈው ተቀጣሪው ዮኒስ ነው።

ዮኒስ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ዳር ካለችው መልካ ጀብዱ በሚኒባስ ይመጣል። አባቱ እዚያው አስፋልቱ ዳር የከባድ መኪና ጎማ ይጠግናል። ልጁ ዝምተኛ ነው፣ ቀጭን ነው፣ እጁ ግን ወርቅ ነው ይሉታል። በዚህ ሥራ በቆየባቸው አምስት ዓመታት አንድም ፎቶ ሳይነካ አሳልፎ አያውቅም ነበር። እስከዚያች ሰኞ ድረስ።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ኤዶ ሀምዲያ ላቧን እየጠረገች ገባች። ኤዶ ማለት ለሶማሌው የአባት እህት ናት፤ ሀምዲያ ግን ታይዋን ለሚባለው የድሬ ገበያ በሙሉ ኤዶ ናት። ስልኳን ዮኒስ ፊት አስቀመጠችና በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

"ይቺን ታውቃታለህ አይደል? የወንድሜ ልጅ ናት።"

ያውቃታል። ፎቶው ላይ ናስቲሆ በወንድሟ ሰርግ ቀን ድሪያ የሚሉትን ሰፊ ቀሚስ፣ ሰማያዊውን፣ ለብሳ ሙሉ ቁመቷን ቆማለች። አንድ ሰው ያሳቃት ይመስላል፤ ዓይኖቿ በሳቅ ጠብበው ጉንጯ ተነፍቷል።

"ወገቧን አስገባልኝ። ክንዷንም ቀነስ አድርገው። ፊቷን ደግሞ ትንሽ ቀላ... ብዙ አይደለም፣ እንዳይነቃብን።"

"ለምንድን ነው ኤዶ?"

"ጅቡቲ ነው የሚሄደው። ዋበሪ የሚባል ልጅ አለ፣ ወደብ ላይ የሚሠራ፣ ጨዋ የጨዋ ልጅ። ፎቶዋን ልየውና ሽማግሌ እልካለሁ ብሏል።"

ዮኒስ ስልኩን ወደ ራሱ አቀረበው። "ልጅቷ ምን ጎደላትና ነው የምንነካካት?"

"አይ ዮኒስ፣ የኔ የዋህ። በኛ ጊዜ እኮ እንደሷ ዓይነት ልጅ ያለችበት ቤት በራፉ ላይ ግመል ይሰለፍ ነበር። እኔ የተዳርኩ ዕለት በሩ ጠቦኝ በጎን ነው የወጣሁት፤ እናቴ በደስታ አለቀሰች። አሁን ይሄ ስልክ የሚሉት መጣና ሴት ሁሉ ክር ካልሆነች ሴት አይደለችም አለ። ምን ላድርግ? ዘመኑ ነው።" የዋበሪን ቁጥር በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። "የኔ ስልክ ሞልቷል፣ ፎቶ አልቀበልም ይለኛል። ስትጨርስ አንተው በዋትሳፕ ላክለት።" ብላው ወጣች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ የዮኒስን ጭንቀት ለመረዳት ስለ ቅዳሜ ማወቅ አለባችሁ። የናስቲሆ አባት ሐጂ አብዲቃድር ታይዋን ላይ ባለ ሁለት በር የጨርቅ ሱቅ አለው። ናስቲሆ አዲስ የገቡትን ጨርቆች በስልኳ ታነሳና በፍላሽ ገልብጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለዮኒስ ታመጣለታለች፤ እሱ ያስተካክላቸዋል፣ እሷ የሱቁ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋቸዋለች። ይህ ከተጀመረ አንድ ዓመት አልፎታል። የመጀመሪያው ቀን ዮኒስ ሞያውን ሊያሳይ ብሎ አንዱን ብርቱካናማ ጨርቅ እሳት አስመሰለው። እሷ ከኋላው ቆማ፣ "ቀለሙን መልሰው" አለችው። "ገዢዋ ቤቷ ወስዳ ስትዘረጋው ሌላ ቀለም ካገኘች ጨርቁን ብቻ አይደለም የምትመልስልን፣ ስማችንንም ነው።" ያን ቀን ነው ነገሩ የጀመረው። ፊት ለፊት ተያይተዋል ለማለት ይከብዳል። አንዱ ፎቶ ጠፍቶ ሌላው እስኪመጣ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁራል፣ ያኔ የሁለቱም ፊት እንደ መስታወት ይታይበታል፤ የሚተያዩት በዚያች ቅጽበት ነው። ዮኒስ ኮምፒውተሩ እንዲዘገይ ሲጸልይ ከርሟል። አፍ አውጥቶ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። የጎማ ጠጋኝ ልጅና የሐጂ አብዲቃድር ልጅ፣ ምኑ ከምኑ ይገጥማል ብሎ።

አሁን እጁን ማውሱ ላይ አድርጎ ቀስቱን ወገቧ ላይ አደረሰው። ስንቱን ወገብ የቆረጠ እጅ አልንቀሳቀስ አለ። ወደ ክንዷ ሄደ፣ ተመለሰ። ወደ ጉንጯ ሄደ፣ ሳቋን አየና ተመለሰ። አጠገቡ አየነው ያንኮራፋል። ስድስት ሰዓት ሆኖ የድሬ ሱቆች ለቀትሩ እረፍት አንድ በአንድ በራቸውን ሲዘጉ ዮኒስ ፎቶውን እንደነበረ፣ አንዲት ነጥብ ሳይነካ፣ ወደ ጅቡቲ ላከው። ከዚያም የሰረቀ ሰው ይመስል ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

*

ናስቲሆ የሱቁን ባንኮኒ ትወደዋለች። ረጅም፣ ወፍራም፣ የድሮ የእንጨት ባንኮኒ ነው፤ ከኋላው ለቆመ ሰው ከደረት በታች ምንም አይታይም። ደንበኞች "ፊትሽ እንዴት ያምራል" ሲሏት ወደ ጎን ወጥታ ጨርቅ እንድታወርድ እንዳይጠይቋት ትጸልያለች። ስልኳ ውስጥ ወገባቸው ከክንዷ የማይወፍር ሴቶች ቀኑን ሙሉ ይውረገረጋሉ። ሦስት ወር ሙሉ አንዷ የመከረቻትን መራራ ሻይ ጠጣች፤ ጨጓራዋን ከማቃጠል በቀር ያመጣላት ነገር የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደሷ ጨርቅ የሚያውቅ ድሬ ውስጥ የለም፣ በጣቷ ነክታ ብቻ ከየት እንደመጣ ትነግራችኋለች። ራሷን ስታይ ግን ዓይኗ ይታወራል።

ሐሙስ ዕለት የአጎቷ ልጅ ናፊሳ ፎቶው እንዴት እንደሆነ ለማየት ጓጓችና ለዮኒስ ጽፋ አስላከችው። ናፊሳ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ፊልተር የተደረገ ፎቶ ከመንገድ ማዶ ትለያለች።

"ኤዶ፣ ይሄ እኮ አልተነካም" አለች ስልኩን እያቀረበች፣ እያራቀች። "ክንዷም ያው ነው፣ ሆዷም ያው ነው።"

"ምን ትላለች ይቺ? ለዋበሪ የሄደው ሌላ ይሆናል።"

"ራሱ ነው፣ ጠይቄዋለሁ። ይሄው ነው የሄደው አለኝ።"

ኤዶ ሀምዲያ ጭንቅላቷን ያዘች። ናስቲሆ ስልኩን ተቀብላ አየችው። የጨርቅ ጥቅል ከተደረደረበት ጓዳ ገብታ ጀርባዋን ሰጥታ አለቀሰች። ዋበሪ ምን ይላል ብላ አልነበረም፤ ዋበሪን አታውቀውም። ያስለቀሳት ዮኒስ ነው። ለከተማው ሁሉ ያደረገውን እሷ ላይ ሲደርስ መተዉ ነው።

ቅዳሜ አልሄደችም፣ ፍላሹን ናፊሳ ወሰደችው። ዮኒስ ሲከፍተው ከሃያ ሁለት የጨርቅ ፎቶዎች መሐል አንድ ጽሑፍ አገኘ።

"ዮኒስ፣ ከቢዮ አዋሌ የመጣችውን ሙሽራ እንዴት አድርገህ እንዳሳመርካት አጠገብህ ቆሜ አይቻለሁ። የፀጉር አስተካካዩን ጥርስ እንኳ ደርድረህለታል። እኔ ላይ ስትደርስ እጅህ ለምን ታከተው? ይቺ በምንም አትስተካከልም ብለህ ነው? ጅቡቲ ያሉ የማላውቃቸው ሰዎች ፎቶዬን ከበው ሲስቁ ይታየኛል። እነሱ ይሳቁ፣ አያውቁኝም። አንተም አብረሃቸው ትስቅ እንደሆነ ግን ንገረኝ። የምጠይቅህ እሱን ብቻ ነው። ናስቲሆ።"

ዮኒስ ሁለት ጊዜ አነበበው። ናፊሳ የተሰቀሉትን ክፈፎች እያየች ስትጠብቅ እዚያው ተቀምጦ መልስ ጻፈና ፍላሹ ላይ ጫነው። ናስቲሆ ጓዳ ውስጥ፣ ከጨርቁ ጥቅል ኋላ ቆማ፣ ፍላሹን ስልኳ ላይ ሰክታ ከፈተችው።

"ናስቲሆ፣ ስቄብሽ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። የጨርቁን ቀለም መልስ ያልሽኝን ረሳሽው? አንቺ ላይ ስደርስ የቱን እንደምቆርጥ አጣሁ። አምስት ዓመት ስሠራ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። አንቺን ቆርጬ ሌላ ሴት ሠርቼ ብልክ ቅዳሜ ማን ይመጣልኛል? ዛሬ ሳትመጪ ስትቀሪ ቀኑ እንዴት እንደጨለመብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ዮኒስ።"

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ሐር ጨርቁ ላይ ተደገፈች። ኤዶ ሀምዲያ ከውጭ፣ "ነጩን ሻሽ አምጪ እንጂ" ስትል ሁለቴ ተጣርታ አልሰማቻትም።

*

ማክሰኞ ጠዋት የዋበሪ እናት የድምፅ መልእክት በስልክ መጣ። ኤዶ ሀምዲያ ፊቷን አጥቁራ ከፈተችው፣ ጠብቃ የነበረው የይቅርታ ቃል ነው። ሴትዮዋ ግን ሰላምታዋን አውርዳ አውርዳ ስታበቃ፣ "ልጄ ልጅቷን ወዷታል፣ ዓርብ ሽማግሌዎቹን እንልካለን" አለች።

"ሳይቆረጥ?" አለች ኤዶ ለራሷ። ከዚያ እልልታውን አቀለጠችው፣ ጎረቤት ሱቆች ሁሉ ምን መጣ ብለው ወጡ።

ናስቲሆ ባንኮኒው ኋላ እንደቆመች ደነዘዘች። የማታውቀው ሰው ከእግር እስከ ራሷ፣ ከነክንዷ፣ ከነሆዷ አይቷት እሺ ብሏል። ጓዳ ካለው ረጅም መስታወት ፊት ሄዳ ቆመች። ልብስ የሚለኩ ሴቶችን በዚያ መስታወት ስንቴ አስተናግዳለች፣ ራሷን ግን ሳታይበት ነበር አልፋው የምትሄደው። አሁን ቆማ አየች። የሚያስቅ ነገር አጣችበት። የመጀመሪያው ሐሳቧ ግን ስለ ዋበሪ አልነበረም፤ ዮኒስ ይህን ሲሰማ ፊቱ ምን ይሆናል የሚል ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ተዘጋ፣ ከተማው ለእንቅልፍ ጋደም አለ። ሌላ ቀን ቢሆን መጋረጃ ባለው ባጃጅ ተሸፍና ነው የምትሄደው። ያን ቀን ግን በእግሯ፣ በመንገዱ መሐል፣ ድሪያዋን ንፋስ እየነፋው ሄደች። የሚያያት ቢኖር ጥላ ሥር የተኙ የባጃጅ ሾፌሮች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቀና ብለው በዓይናቸው በአድናቆት ነበር የተከተሏት።

የፎቶ ቤቱ በር ክፍት ነው። አየነው ጋዜጣ ፊቱ ላይ ከድኖ ተኝቷል። ዮኒስ ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ።

"ከጅቡቲ መልስ መጣ" አለችው።

ዮኒስ ቶሎ ብሎ፣ "አይዞሽ" አለ። "የቀረበት እሱ ነው።"

ናስቲሆ አንድ እርምጃ ቀረበች።

"ምን ቀረበት?" አለች ቀስ ብላ። "ወደድኳት ነው ያለው። ዓርብ ሽማግሌ ይልካል።"

የዮኒስ ፊት ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ናስቲሆ ያን ፊት አየችውና ሁሉም ነገር ገባት። ሊቆርጣት እጁ እምቢ ያለው ልጅ፣ ቆንጆውን ደብዳቤ የጻፈው ልጅ፣ ከጅቡቲ እምቢታ ሲጠብቅ ነበር የሰነበተው።

"እምቢ ይላል ብለህ ነው የላክኸው።"

"ናስቲሆ..."

"ደብዳቤህን ሦስቴ አንብቤዋለሁ ዮኒስ። ውሸት ነበር?"

"ውሸት አይደለም። ጎደሎ ነው።" ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። "የቱን እንደምቆርጥ አጣሁ ያልኩሽ ወላሂ እውነት ነው። ግን ላክ የሚለውን ስጫን ሌላም አስቤ ነበር። ይሄ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ የስልክ ሴቶች ሲያይ የሚውል ነው፣ ይቺን ሲያይ ይተዋታል፣ ትቀርልኛለች አልኩ። ይሄው ነው። አፍሬበታለሁ።"

"አንተ ትወደኛለህ" አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች፤ እስከዛሬ ሁለቱም አላሉትም ነበር። "ትወደኛለህ፣ ግን ሌላ ሰው እንዳይወደኝ በእኔው መልክ ተማመንክ።"

"አዎ።"

"እኔ መስታወት ፊት ለራሴ ስነግረው የኖርኩት እኮ ያንኑ ነው። ከአንተ አልጠበቅሁትም።"

ዮኒስ ቀና አለ። ያለ ስክሪን፣ ያለ መስታወት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አያት። "አምስት ዓመት የሰው ወገብ ስቆርጥ ዓይኔ ተበላሽቷል። ሰው ሁሉ መቆረጥ ያለበት ይመስለኛል፣ መንገድ ላይ የማየውን ሁሉ በልቤ ስሸርፍ ነው የምውለው። አንቺ ስትገቢ ግን ይተወኛል። ለእኔ ብቻ ነው እንዲህ የምትታየው ብዬ ነበር። ሌላው ሰው ዓይን ይኖረዋል ብዬ አላመንኩም። በደሌ እሱ ነው።"

ናስቲሆ ተናዳለች፣ እንባዋ መጥቷል፣ ደግሞ ደስ ብሏታል፤ ሦስቱ በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚሆኑ እኔን አትጠይቁኝ። ዓይኗን ከሱ ለማሸሽ ስክሪኑን አየች። የዮኒስ የቴሌግራም ገጽ ተከፍቷል፤ ፎቶው ላይ ሰፊ ትከሻ፣ የተነፋ ደረት ያለው ጎረምሳ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ፎቶውን አየችው፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ክር የመሰለ ልጅ አየችው።

"ዮኒስ።"

"አቤት።"

"ይሄ ትከሻ የማን ነው?"

የዮኒስ ጆሮ ቀላ።

"የአየነው ነው" አለ በመጨረሻ።

መጀመሪያ አፏን በሻሿ ያዘች። አልሆነም። ሳቁ ከሆዷ መጣና ባንዴ ፈነዳ፤ ጠረጴዛውን ይዛ ጎንበስ እስክትል፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እስኪወርድ ሳቀች። አየነው ጋዜጣውን ጥሎ ነቃ።

"አቦ ምንድን ነው፣ ምን መጣ?"

"ትከሻህ ተሰርቋል" አለችው ናስቲሆ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

አየነው ትከሻውን ዳሰሰ። ከዚያ ስክሪኑን አየና ዮኒስን አየው። "እኔ እኮ ይሄን ሸሚዝ አውቀዋለሁ እል ነበር" አለ። ዮኒስም ከዚያ በላይ መያዝ አልቻለም፣ ሦስቱም ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ናስቲሆ ፊቷን ጠረገች። "አንድ ነገር ልንገርህ፤ አንተ ከተናዘዝክ እኔም ልናዘዝ። ሱቃችን ዋይፋይ አለው። የጨርቁ ፎቶ በቴሌግራም በአንድ ደቂቃ ይደርስልህ ነበር። ዓመት ሙሉ በዚያ ፀሐይ ፍላሽ ተሸክሜ የመጣሁት ለምን ይመስልሃል?"

ዮኒስ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ፍላሽ የሚሰካበትን ቀዳዳ አየ።

"ዓርብ የዋበሪ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አባቴ እሺ ካለ ቃል ነው፣ አይመለስም። ሐሙስ ና። የራስህን ትከሻ ይዘህ ና።"

ስትወጣ አየነው፣ "ይቺን ልጅ ብትለቃት ከሥራ አባርርሃለሁ" አለው። ዮኒስ አልሰማውም። ቀኑን ሙሉ አንዲት ፎቶ አልሠራም፤ ፊቱ ላይ ግን ፈገግታው አልጠፋ አለ።

*

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ዮኒስና ሁለት ሽማግሌዎቹ የሐጂ አብዲቃድርን በር አንኳኩ። አየነው የሰርግ ኮቱን ለብሷል። የዮኒስ አባት ቡልቻ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ እጆቹን ከኋላው ደብቋል፤ ጠዋት በሳሙናም በአሸዋም ቢያሻቸው የጎማው ጥቁረት አልለቀቀውም። ሐጂ አብዲቃድር እጁን ዘረጋ፤ ቡልቻ ከመዘርጋት አመነታ። ሐጂ ጠበቀው፣ ከዚያ ጥቁሩን እጅ በሁለት መዳፉ መሐል ያዘው።

"ሰው የሚሠራበት እጅ ነው" አለ። "ግቡ።"

ምንጣፉ ላይ ሐልዋና ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ቀረበ። አየነው ጉሮሮውን ጠርጎ ሽምግልናውን ጀመረ፤ ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳይደርስ ኤዶ ሀምዲያ ጣቷን ወደ ዮኒስ ቀሰረች።

"ይሄ እኮ ነው ወገቧን ያልቆረጠው" አለች። "ወንድሜ፣ እየነገርኩት፣ በጣቴ እያሳየሁት እንዳለ የላከው ይሄ ነው።"

ሐጂ አብዲቃድር ወደ ዮኒስ ዞረ። "እውነት ነው? ለምን?"

ጓዳው በር ላይ ናስቲሆ ከናፊሳ ጋር ቆማለች። ዮኒስ መዋሸት ይችል ነበር፤ ስለ ጨርቁ ቀለም ያለችውን ቢደግም ሐጂ ያደንቀዋል። አላለውም።

"ሐጂ፣ አንተን አልዋሽህም" አለ፤ ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፣ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው። "ልጅህን ዓመት ሙሉ ወደድኳት፣ መናገር ፈራሁ። ፎቶውን ሳልነካ የላክሁት ሰውዬው እንዲተዋት ብዬ ነው። እሱ ግን ከእኔ የተሻለ ዓይን ነበረው። በልጅህ ላይ የሠራሁት በደል ነው፣ ለሷም ነግሬያታለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንድትሰጠኝ።"

ቡልቻ ልጁን በክርኑ ጎሸም አደረገው፤ ሽማግሌ እያለ ልጅ እንዲህ አይናገርም። ኤዶ ሀምዲያ አፏን በእጇ ከደነች። ሐጂ አብዲቃድር ጢሙን አሻሸ።

"ሠላሳ ዓመት ገበያ ላይ ቆሜአለሁ" አለ በመጨረሻ። "የራሱን ዕቃ እንከን አስቀድሞ የሚናገር ሻጭ ሁለት ብቻ ነው ያየሁት። አንተ ሦስተኛው ነህ።" ከዚያ ፊቱ ከበደ። "ግን ጅቡቲ ያለው ሰው ምን በደለ? ፎቶ የላክነው እኛ፣ ነገ ና ያልነው እኛ። ናስቲሆ፣ ነይ።"

ናስቲሆ ወጥታ መሐል ቆመች። ሁሉም አያት። ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲያያት ሁልጊዜም መሬቱ ቢውጣት ትመርጥ ነበር።

"ልጄ፣ ኤዶሽ የምትለውን ሰምቻለሁ፣ ይሄ ልጅ የሚለውንም ሰምቻለሁ። አንቺስ?"

"አባ፣ ዮኒስን ነው የምፈልገው" አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጠነከረ። "ዋበሪ ምንም አላጠፋም። ስለዚህ ከተላከ ሽማግሌ አይሰማውም፣ ከኔ አፍ ነው የሚሰማው። ቁጥሩን ስጡኝ።"

"አንቺ ልጅ፣ አበድሽ?" አለች ኤዶ። ሐጂ ግን የዋበሪን ቁጥር ደውሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሰጣት።

ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ። ናስቲሆ ሰላም አለችውና ሳትዞር፣ ሳትሸሽ ነገረችው። ልቤ ከሌላ ሰው ጋር ነው፣ አንተን ላሳፍር አልፈልግም፣ ፎቶዬን አይተህ ያልከው ቃል ግን እስካለሁ አይረሳኝም አለች።

ዋበሪ ረጋ ባለ ድምፅ መናገር ጀመረ።

"ዘንድሮ እናቴ ስድስት ፎቶ አስመጥታልኛለች። ስድስቱም ሴቶች አንድ ወገብ ነበራቸው፣ አንድ አፍንጫም ነበራቸው። ያንቺን ሳይ ግን፣ ይቺ ልጅ ከባቡር ብትወርድ አውቃታለሁ አልኩ።" ከዚያ ጠየቃት። "ፎቶውን የላከልኝ ሰው እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ስጪው።"

ዮኒስ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ።

"ዋርያ፣ አንተ ሰውዬ" አለ ዋበሪ፣ "አሳየኸኝና መልሰህ ወሰድክብኝ። ለሰርጉ ካልጠራኸኝ አልምርህም።"

እንግዲህ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ይሄን ዋበሪን እኔም ሳልወደው አልቀረሁም። ስልኩ ሲዘጋ መጀመሪያ የሳቀው ሐጂ አብዲቃድር ነው። ከዚያ ቡልቻ፣ ከዚያ ሁሉም። ኤዶ ሀምዲያ እልልታዋን በሁለት ቀን ውስጥ ለሁለት ሰው ማውጣቷን ረስታ ቤቱን አናጋችው። ዮኒስ ከሐጂ እግር ሥር ሊወድቅ ሲል ሐጂ ትከሻውን ይዞ አነሣው። "ይሄ ልጅ መብላት አለበት" አለና የሐልዋውን ሳህን ወደሱ ገፋው። ኤዶ ደግሞ ጠጋ ብላ፣ "የሰርጉን ፎቶ አንተ አትነካም" አለችው። ትንሽ አሰበች። "የኔን ብቻ አሥር ዓመት ቀንስልኝ።"

አየነው ያለ ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ ለማስታወሻ ላንሳችሁ ብሎ ሁሉንም ግድግዳው ጋ አሰለፈ። ያ የሰርግ ፎቶ ሳታውቅ የተነሣ ነው፤ ናስቲሆ እያወቀች ፎቶ ስትነሣ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ናት፣ ወይ የሰው ልጅ አቅፋ ፊቷ ላይ ታደርጋለች። ናፊሳ እጇን ይዛ ወደ ፊት አወጣቻት። ዮኒስ አጠገቧ፣ ሙሸበኩን ገና እያኘከ፣ በራሱ ጠባብ ትከሻ ቆሟል፤ እሱን ስታይ ሳቋ እንደገና መጣ። አየነው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲል ገና እየሳቀች ነበር። እያወቀች ካሜራ ፊት ቆማ ሆዷን መሳብ ስትረሳ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።